ለበቅሎዋ የተነገረ

የምነግራችሁ ነገር የደረሰው ጣልያን በአገራችን ሳለ፣ እኔም ገና አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ነው። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ያን ቀን ግን አላሳቀኝም።

ያደግሁት ይጁቤ ነው። አባቴ ጨው ነጋዴ ነበር። ገበያ ውሎ የሚገባ ሰው ደግሞ ነገር ጠምዝዞ ለመናገር ጊዜ የለውም። አባቴ ሲናደድ "ተናድጃለሁ" ይላል። እናቴ "ምን አድርጌህ?" ትለዋለች። እሱ ይነግራታል፣ እሷም ትመልስለታለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል፤ እራት ሳይቀርብ ታርቀዋል። የቤተ ሰብ ጠብ ማለት የትም አገር እንዲህ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በጥር ተዳርሁ። ባሌ አላምረው ይባላል። ከይጁቤ ወደ መንቆረር በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ካለ መንደር፣ ባላምባራስ እንግዳ የሚባሉ ሰው አንድያ ልጅ ነው። ደብረ ማርቆስን ያኔ ሽማግሎቹ ሁሉ መንቆረር ነበር የሚሉት። አማቼ ባላምባራስ ረጅም፣ ጢማቸው የነጣ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ደጃፍ ሲቆሙ በሩን የሚሞሉ ሰው ነበሩ። አማቴ እማማ ስመኝ ደግሞ ትንሽዬ ናቸው፤ እንዝርት ከእጃቸው አይለይም።

የሙሽርነቴ ሰሞን አልፎ የቤቱን ሥራ በጀመርሁበት ጧት፣ ባላምባራስ ከጋጡ በኩል ሲናገሩ ሰማሁ። ጋጡና ቤቱ በአንድ ጣራ ሥር ነው። እዚያ ዳማ የምትባል በቅሏቸው ታስራለች።

"ዳማ፣" ይሏታል ረጋ ብለው፣ "ፀሐይዋ ወጥታ የት ደርሳለች። በእኛ ጊዜ ሙሽራ እንኳ ብትሆን ፀሐይ አትቀድማትም ነበር።"

በቅሎዋ ጭዷን ታኝካለች። እኔ ደነገጥሁ። ባሌን ወደ ጓሮ ጠራሁና "አባትህን ጠበል የሚወስዳቸው ሰው የለም?" አልሁት።

"ምን ሆኑ?"

"ከበቅሎ ጋር ያወራሉ።"

አላምረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ለበቅሎዋ መሰለሽ? ላንቺ እኮ ነው።"

እንዲህ እያልሁ የቤቱን ንግግር መማር ጀመርሁ። ሰላም በሆነ ጊዜ እንደ ማንኛውም ሰው ፊት ለፊት ይነጋገራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ቅር የሚያሰኝ ነገር የመጣ እንደሆነ ግን ባላምባራስ ፊታቸውን ወደ ዳማ፣ እማማ ስመኝ ወደ እንዝርታቸው ያዞራሉ። አላምረውም ከእነሱ ወርሶ ቦራ ለሚባለው በሬው ይናገራል። የሚያስቀው መልስ መሰጣጠታቸው ነው። አንድ ቀን ባላምባራስ "ዳማ፣ የዚህ ቤት ወጥ ጨው ረስቷል" አሉ። እማማ ስመኝ ቀና ሳይሉ "እንዝርቴ፣ የጨው ነጋዴ ልጅ አምጥተን ጨው ጎደለብን እኮ" አሉ። ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ተነሥቼ ጨው ጨመርሁ። ማንም ምንም አላለኝም፣ ሁሉም ግን ተሰምቷል።

አባቴ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን እያልሁ በልቤ እታዘባቸው ነበር። ሰው እያለ ለከብት መናገር የፈሪ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ትልቁ ጠብ ተነሣ። የጠቡ መነሻ የባላምባራስ ጠመንጃ ነው። ከአባታቸው የወረሱት አጭር ምንሽር አላቸው። ጣልያን መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስረክብ ብሎ ሲያስለፍፍ እሳቸው ሸሸጉት። ያገኙበትን ሰው ቤቱን ያቃጥላሉ፣ ሰውየውንም ይሰቅላሉ ይባል ነበር። አላምረው ምንሽሩን ይዞ አባይ በረሃ ከገቡት አርበኞች ጋር መቀላቀል ይፈልጋል። ባላምባራስ ደግሞ ራሳቸው ሊገቡ አስበዋል። ሁለቱም አንዱ ሌላውን "አንተ ቅር" ማለት ነው የፈለጉት። ይህን በአንድ ቃል መጨረስ ይቻል ነበር። እነሱ ግን ከብቶቹን አደከሙ።

"ዳማ፣" አሉ ባላምባራስ አንድ ጧት፣ "ሚስት ያገባ ሰው እርፉን ይጨብጥ። በረሃ የሚገባ ዕድሜውን የጠገበ ነው።"

አላምረው ቀንበር እያነሣ "ቦራ፣" አለ፣ "ጉልበቱ የሚንቀጠቀጥ ሰው አባይ ወርዶ ማን ተሸክሞ ሊያወጣው ነው?"

ጉልበት የሚለው ቃል ባይወጣ ደግ ነበር። የባላምባራስ ጉልበት እውነትም ይንቀጠቀጣል፣ ነገር ግን በዚያ ቤት ስለ ጉልበታቸው የሚያነሣ ሰው የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጃቸውን በቀጥታ "እንደምን አደርህ" ማለት እንኳ ተዉ። በአንድ ማዕድ ተቀምጠው "ዳማ፣ ውኃውን አቀብዪኝ" ይላሉ። አላምረው ያቀብላቸዋል። "ዳማ፣ እግዜር ይስጥሽ" ይሏታል።

አሁን የምላችሁን ነገር ያወቅሁት ኋላ ቢሆንም፣ ታሪኩ እንዲገባችሁ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ባላምባራስ ምንሽሩን ከጋጡ በላይ ጣራው ክዳን ውስጥ ሸጉጠውት ነበር። የሸሸጉት ከጣልያን ብቻ አይደለም፣ ልጃቸው ይዞት እንዳይጠፋም ነው። አላምረው ደርሶበት አወጣውና አባቱ ይዘውት እንዳይጠፉ ጓሮ ከተሰቀሉት ቀፎዎች ባዶው ውስጥ ከተተው። ባላምባራስ ጣራውን ወጥተው አላዩም። ጉልበቴ ተነካ ብሎ ያኮረፈ ሰው መሰላል ያዙልኝ ብሎ አይጠይቅማ። ስለዚህ አባትየው ጣራ ላይ አለ ይላሉ፣ ልጅየው ቀፎ ውስጥ አለ ይላል። የሚነጋገሩ ስላልሆኑ ሁለቱም ተረጋግተው ይኖራሉ። በዚህ መካከል ያ ባዶ ቀፎ ንብ ገባበትና አላምረውም እጁን ከትቶ ማየት የማይችል ሆነ።

ጣልያኖቹ የመጡ ዕለት እማማ ስመኝ ማለዳ ነጠላቸውን ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ሲነሡ፣ መደቡ ላይ ያለውን ጥቅል ቁርበት በዓይናቸው ገረፍ አድርገው አዩት። ለእንግዳ የምናነጥፈው ትልቁ የበሬ ቁርበት ነው።

"እንዝርቴ፣" አሉ፣ "ይሄ ቁርበት ወገቡን አሞታል። እኔ እስክመለስ የሚያስነሣው አይኑር።"

እኔ ይህን የሰማሁት በጀማሪ ጆሮ ነው። ቁርበቱ አቧራ ይዟል፣ ሙሽራይቱ አላራገፈችውም ማለታቸው ነው ብዬ ተረጎምሁት። ተመልሰው ሳይመጡ ፀሐይ ላይ አራግፈዋለሁ ብዬ አሰብሁ። ባላምባራስ ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ቀሩ። ጉልበታቸው ነው፣ እሳቸው ግን "ዳማ ውኃ አልጠጣችም" ብለው ነው የቀሩት። አላምረውና እኔም ቤት ነበርን።

ረፋዱ ላይ ውሾች ጮኹ። በፈረስ የተቀመጠ አንድ ወጣት የጣልያን መኮንን፣ ከጎኑ አስተርጓሚ፣ ከኋላ ጥቂት ባንዳዎች ሆነው ደጃፋችን ደረሱ። መኮንኑ ፊቱ በፀሐይ ቲማቲም መስሏል። አስተርጓሚው ቀጭን የእኛው አገር ልጅ ነው፤ ባርኔጣ አድርጓል፣ አነጋገሩ ግን የደብረ ወርቅ በኩል መሆኑን ከመጀመሪያው ቃል ያስታውቃል።

"እንደምን አደሩ አባባ፣" አለ ባርኔጣውን አንሥቶ። "እዚህ ቤት ጠመንጃ አለ ተብለን ነው የመጣን።"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣" አሉ ባላምባራስ፣ ጠመንጃውን እንዳልሰሙ። "ቆመን አንነጋገርም። ይግቡና ይቀመጡ። ብርቄ፣ ለእንግዶቹ ቁርበቱን አንጥፊ።"

ብርቄ እኔ ነኝ። ገባሁና ጥቅሉን ከመደቡ ላይ ላነሣ ስል ክብደቱ እጄን ያዘው። አንድ በሬ ቁርበቱን ብቻ ሳይሆን ቀንዱንም ትቶ የሄደ ይመስላል። እጄን በጥቅሉ ጫፍ በኩል ሰደድሁ። ብረት ነው፤ ቀዝቃዛ ብረት። ያኔ የእማማ ስመኝ ንግግር ከጧቱ ይልቅ አሁን ጆሮዬ ገባ። ቁርበቱ ወገቡን አሞታል። ምንሽሩን ከቀፎው አውጥተው፣ ንቡ ሳይገባበት ይሆናል፣ ለባላቸውም ለልጃቸውም ሳይናገሩ እዚህ ጠቅልለውታል። ባልም ልጅም በረሃ እንዳይገቡባቸው።

"ቁርበቱስ?" አሉ ባላምባራስ ከደጅ።

ወጣሁ። "ረጥቧል አባባ" አልሁ።

ባላምባራስ በእንግዳ ፊት እንዲህ ተዋርደው አያውቁም። ፊታቸውን ቀስ ብለው ወደ ጋጡ አዞሩ። "ዳማ፣ በዚህ በሁዳዴ ፀሐይ ቁርበት የሚያረጥበው ምን ዓይነት ጉድ ይሆን? ወይስ ሙሽራ ከይጁቤ ከመጣች ወዲህ ለእንግዳ ማንጠፍ ቀርቷል?"

መኮንኑ ወደ አስተርጓሚው ዞሮ ጠየቀ። ሽማግሌው ማንን ነው የሚያናግሩት ያለው ይመስለኛል፣ በጣቱ በቅሎዋን ያሳያልና። አስተርጓሚው በሁለት ቃል መለሰለት። መኮንኑ ባላምባራስን አየ፣ በቅሎዋን አየ፣ እንደ ማዘንም አለው።

መቀመጡ ቀርቶ ፍተሻው ተጀመረ። ባንዳዎቹ መሰላል አቁመው ጣራውን በጦር ይወጉ ጀመር። ባላምባራስን አየኋቸው። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ ከንፈራቸው ጸሎት ያደርሳል። ከአጠገባቸው የቆመው አላምረው ግን እንጨት ሲፈልጡ የሚያይ ሰው ይመስል ዘና ብሎ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። ባላምባራስ የልጃቸውን መዝናናት ሲያዩ ተናደዱ።

"ዳማ፣" አሉ በጉሮሯቸው፣ "የአባቱ ቤት ሲፈርስ ጥርሱን የሚጎረጉር ወልጃለሁ።"

እኔ መካከል ቆሜያለሁ። ጣራው ላይ የለም ልላቸው እፈልጋለሁ። በምን ቋንቋ? እንደ አባቴ ቤት ብናገር አስተርጓሚው ይሰማል። በሁለት እጄ አፌን ያዝሁ።

ከጣራው የወረደው ጥቀርሻና አንድ ድመት ብቻ ነው። ባላምባራስ በመገረም ዓይናቸው ፈጠጠ። እግዚአብሔር ተአምር ሠራ ብለው እንዳማተቡ ወዲያው ባንዳዎቹ ወደ ጓሮ ዞሩ። አሁን ተራው የአላምረው ሆነ። ስንጥሯ ከአፉ ወደቀች። ባላምባራስ ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ከሞት የተረፉ ሰው ስለሆኑ፣ ወፍና ዛፍ እያዩ ነው የሚከተሉት።

"ቦራ፣" አለ ባሌ፣ ቦራ በዚያ አቅራቢያ ባይኖርም፣ "ቀፎ ባይነካ ምን ነበረበት።"

አስተርጓሚው ዞር ብሎ አየው። በሬ ፈለገ፣ አላየም። ከዚያ ደግሞ ባላምባራስን አየ። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ውል ሲል አየሁ፤ ጠፍቶት የኖረ ዘፈን ድንገት የሰማ ሰው ፊት።

መኮንኑ ቀፎዎቹን ሲያይ ማር አማረው። ፈገግ ብሎ አውርዱት አለ በእጁ። ከባንዳዎቹ አንዱ "ጌታው፣ ቀን ነው፣ ጢስም የለን" ሲል አስተርጓሚው ተረጎመለት፣ መኮንኑ ግን አልሰማም። የወረደው ያው አላምረው የሸሸገበት ቀፎ ነው። ሊያስቀምጡት ሲሉ ከእጃቸው አምልጦ መሬት መታ።

ንብ ጢስ ሆኖ ወጣ። አንዱ ባንዳ ጠመንጃውን ጥሎ ወደ ወንዝ ሮጠ፣ ሌላው ተከተለው፤ ፈረሱ ገመዱን በጥሶ በጎረቤት ሽምብራ ማሳ መሀል ነጎደ። መኮንኑ በሁለት እጁ ፊቱን እየመታ ወደ ቤታችን ገባ። አስተርጓሚው፣ ባላምባራስ፣ አላምረውና እኔም ተከትለን ገብተን በሩን ዘጋነው። ባላምባራስ በዚያ ሁሉ መካከል "ቤት ለእንግዳ" እያሉ ነበር።

ቤቱ ጨልሟል። የገቡት ንቦች ይጮኻሉ። መኮንኑ ዓይኑ ማበጥ ጀምሯል፤ ራሱን የሚሸፍንበት ነገር በዳበሳ ሲፈልግ እጁ መደቡ ላይ አረፈ። ቁርበቱን አገኘ። ጫፉን ይዞ ሊዘረጋው ጎተተ።

እኔም በሌላው ጫፍ ያዝሁ።

እሱ ይጎትታል፣ እኔ እጎትታለሁ። ገና የሦስት ወር ሙሽራ፣ ቀና ብዬ አማቼን አይቼ የማላውቅ ሴት፣ ከጣልያን መኮንን ጋር ቁርበት እጓተታለሁ። ባላምባራስ በሕይወታቸው ያላዩትን ውርደት አዩ።

"ዳማ፣" አሉ፣ "እንግዳ ሲነደፍ ቁርበት የምትነፍግ ሙሽራ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ዳማ አላየችም ይሆናል። እኔ ግን ለዳማ ስመልስ ራሴን ሰማሁት። ከዚያ ቀን በፊት ለከብት ተናግሬ አላውቅም።

"ዳማ፣" አልሁ ቁርበቱን ሳልለቅ፣ "ይሄ ቁርበት ወገቡን አሞታል። እማማ ማንም አያስነሣው ብለዋል። ጣራው ላይ የነበረው ሕመም ቀፎ ገብቶ ነበር፣ ከቀፎው ወጥቶ እዚህ ገብቷል።"

ባላምባራስ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። አላምረው ወደ እኔ ዞረ፣ ወደ ቁርበቱ፣ ወደ አባቱ። እኔ በጣልያን ጉተታ ልወድቅ ነው፣ እነሱ ነገሩን በየራሳቸው እያሰሉ ነው። ከዚያ ባላምባራስ በዚያ ጉልበታቸው ይሆናል ብዬ በማልገምተው ፍጥነት ተነሡ። ጋቢያቸውን፣ ለበዓል እንጂ ለሌላ ቀን የማይለብሱትን ነጭ ጋቢ፣ ከትከሻቸው ገፈው መኮንኑን ከራሱ እስከ ወገቡ ጠቀለሉት። መኮንኑ ቁርበቱን ለቀቀ። ባላምባራስ ጥቅሉን መደቡ ላይ መልሰው ቁጭ አሉበት። ቁርበቱ ረጅም ነው፣ ግማሹ ቀረ። አላምረው መጥቶ ከጎናቸው በግማሹ ላይ ተቀመጠ።

ጠቡ ከተነሣ ወዲህ አባትና ልጅ በአንድ መቀመጫ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያን ጊዜ ገና ማየቴ ነው። እንደ ሥዕል ቀጥ ብለዋል። ማንም አይነቃነቅም፤ ንብ የባላምባራስን ጆሮ ነደፈ፣ አልተነሡም።

እኔ እሳቱ ላይ ቅጠል ጨምሬ አጨስሁ። ንቡ ሲሸሽ ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ የመኮንኑን ፊት ቀባሁት። ሁለቱም ዓይኖቹ ተደፍነው ነበር። በቋንቋው ምስጋና የሚመስል ነገር አለ። ወደ አስተርጓሚው ዞሬ ልቀባው ስል፣ በተረፈችው አንድ ዓይኑ የቁርበቱን ጫፍ እያየ ነው። እኔም ተከትዬ አየሁ። በጉተታው ጊዜ ጥቅሉ ላልቶ የምንሽሩ አፈሙዝ እንደ አይጥ አፍንጫ ብቅ ብሏል።

ሽንኩርቱን የያዘ እጄ አየር ላይ ቀረ። አስተርጓሚው እኔን አየኝ፣ ባላምባራስንና አላምረውን አየ። አላምረው በእግሩ ጣት መሬት ይቧጭራል። መኮንኑ በጋቢው ውስጥ ሆኖ አንድ ነገር ጠየቀ። አስተርጓሚው ረዘም አድርጎ መለሰለት። ሲመልስ ዓይኑን ከአፈሙዙ ላይ አላነሣም።

ከዚያ ወደ ባላምባራስ ዞረና "ጌታዬ ጠመንጃ አላገኘንም፣ ንብ ግን አግኝተናል ይላሉ" አለ።

"እግዜር ይማራቸው" አሉ ባላምባራስ ሳይነቃነቁ።

አስተርጓሚው መኮንኑን ክንዱን ይዞ ሊያወጣው ሲል በሩ አጠገብ ቆመ። ዳማ አንገቷን አውጥታ ታየዋለች። ግንባሯን አሻሸላት።

"ዳማ ነሽ?" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። "የአባቴም በቅሎ ዳማ ነበረች። እኚህ ጌታ ፊታቸው ሲረግብ ብዙ ሰው ይዘው ይመለሳሉ። እኔ አንቺን ብሆን ከነገ ወዲያ እዚህ ጋጥ ውስጥ አልገኝም።"

ባላምባራስ ከመደቡ ላይ "ዳማ፣" አሉ፣ "የሚነግርሽ ሰው የተባረከ ይሁን በይው።"

ልጁ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ዳግመኛ አላየሁትም። የደብረ ወርቅ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ግን ብዙ ዘመን እጠይቅ ነበር።

እነሱ ከሄዱ በኋላ አባትና ልጅ ከቁርበቱ ላይ አልተነሡም። እኔ መሬት ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥሁ።

"አላምረው" አሉ ባላምባራስ። በቀጥታ፣ በስሙ።

"አቤት አባባ።"

"ከጣራዬ አንተ ነህ ያወጣኸው?"

"አዎ። እርስዎ ይዘውት እንዳይሄዱ ብዬ።"

"እኔም የሸጎጥሁት አንተ ይዘኸው እንዳትሄድ ብዬ ነው።" ያበጠ ጆሯቸውን ዳሰሱ። "አባይ ወርጄ የሚያወጣኝ ሰው እንደሌለኝ መቼም ነግረኸኛል።"

"እኔ አወጣዎታለሁ አባባ። ተሸክሜም ቢሆን።"

ባላምባራስ ጢማቸውን መነካካት ጀመሩ። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተና እማማ ስመኝ ገቡ። ጓሮ የተሰበረውን ቀፎ፣ የተወጋውን ጣራ፣ ያበጠውን የባላቸውን ጆሮ አዩ። ከዚያ ሁለቱ የተቀመጡበትን ነገር አዩ። እንዝርታቸው ወገባቸው ላይ ተሰክታ ነበር፣ አልነኳትም።

"ከቁርበቴ ላይ ተነሡ" አሉ። ሁለቱም ተነሡ።

በማግስቱ ገና ሲነጋ ዳማን ጭነን ወደ መርጡለ ማርያም በኩል፣ የእማማ ስመኝ ዘመዶች ዘንድ ሄድን። ምንሽሩ አሁንም በቁርበት ተጠቅልሎ ዳማ ላይ ነው። የጣልያኖቹ ወሬ ከቀናት በኋላ ደረሰን። ብዙ ሆነው ተመልሰው ቤታችንን አቃጥለውታል። ሰው ግን አላገኙም። ባላምባራስ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ በቅሎዋ አዞሩና "ዳማ፣ ያ ጣራ ድሮም ያፈስ ነበር" አሉ። አንዲት እንባ ግን ጢማቸው ውስጥ ስትገባ አይቻለሁ።

አባትና ልጅ ሁለቱም በረሃ ገቡ። ጠመንጃው አንድ ስለሆነ ተራ ገብተው ይይዙት ነበር። አሁን ተራው የማን ነው በሚል እስከ መጨረሻው በዳማና በሚያገኙት ከብት ሁሉ በኩል ሲነታረኩ ኖሩ። ያን ቀን የጀመሩት ፊት ለፊት መነጋገር የሰነበተው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱም በሕይወት ተመለሱ። ባላምባራስ አቀበት ሲወጡ ልጃቸው አዝሏቸው እንደነበር የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

እናንተ የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች፣ ምናልባት እንደ እኔ አባት ቤት ነገሩን ቀጥ አድርጎ ከሚናገር ቤት ያደጋችሁ ትሆናላችሁ። እኔም ቀጥታ መናገሬን አልተውሁም፤ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያው ነው። የተለወጠው ጆሮዬ ነው። ያን ቀን ጧት የእማማን ንግግር እንደ ወቀሳ ሰማሁት፤ ከሰዓታት በኋላ አራት ነፍስ ያተረፈ ቃል ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ አንድ ትልቅ ሰው ለግድግዳ፣ ለድመት፣ ለሰማይ ሲናገር ስሰማ አልስቅም። ሥራዬን አስቀምጬ ለማን ነው ብዬ አዳምጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ለብዙ ዓመት ይቆረቁረኝ ነበር። ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ አዲሱ ቤት ደጃፍ ከእማማ ስመኝ ጋር ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ምስር ስንለቅም ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

"እማማ፣ ያኔ ምንሽሩ እርስዎ ዘንድ እንደሆነ፣ ሁለታችሁም አትሂዱብኝ ብለው ለምን በአፍዎ አልነገሯቸውም? ያ ሁሉ ጭንቅ ይቀርልን ነበር።"

ምስሩን በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉት።

"አትሂዱ ብዬ ፊታቸው ብቆም እምቢ ይሉኝ ነበር፣ ልጄ። መሄዳቸው አይቀርም ነበር። ፊት ለፊት እምቢ ብሎኝ የወጣ ሰው፣ ኋላ በምን ፊቱ ወደ ቤት ይመለሳል? ለእንዝርቴ ስነግራት ግን አልሰማንም ብለው መሄድ ይችላሉ።" አንዲት ጠጠር አንሥተው ወደ ደጅ ወረወሩ። "ያልሰማ ሰው ይመለሳል።"